ጎማውን ማን አየው? የኪራይ መኪናዎች ደኅንነትና የሕጉ ክፍተት

ከዚህ በታች የቀረበው ለማኅበረሰብ ተሟጋቾችና ለሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለፖሊሲ መድረክ የማይመጥን፣ ከጋራዥ ደጃፍ የተነሣ ወሬ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ጎማ ነው። ያውም የራሳችን መኪና ጎማ ሳይሆን፣ ተከራይተን የምንነዳው፣ ማን እንደገዛው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ የማናውቀው ጎማ። አንድ መኪና ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ዘመናዊ የተባለው የመንሸራተት መከላከያም ሥራቸውን የሚሠሩት በእነዚያ አራት መዳፎች በኩል ነው። እነርሱ ከከዱ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አከራይን የሚከለክለው አምራቹ ጉድለት አለበት ብሎ ለጥገና የጠራውን፣ በተለምዶ «ሪኮል የወጣበት» የምንለውን መኪና እንዳያከራይ ነው። ጥርሱ ያለቀ ወይም በዕድሜ የደረቀ ጎማ ያለውን መኪና እንዳያከራይ የሚከለክል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማውን መቼ እንዳየውና ምን እንዳገኘ በጽሑፍ እንዲይዝ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ግን የለም። መዝገብ ባለመኖሩም አደጋ ሲደርስ ተጠያቂው ሁልጊዜ መሪውን የጨበጠው ሰው ይሆናል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ከሚወድቁት መካከል የእኛ ማኅበረሰብ አሽከርካሪዎች ጥቂቶች አይደሉም።

በሥራ ላይ ያለው ሕግ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ለተሟጋቾችም ትምህርት አለው። ኦክቶበር 7 ቀን 2004 ራቸልና ዣክሊን ሃውክ የተባሉ የ24 እና የ20 ዓመት እኅትማማቾች በካሊፎርኒያ ተከራይተውት በነበረው ክራይስለር ፒቲ ክሩዘር ሲጓዙ መኪናው በእሳት ተያያዘ፤ ከመስመሩም ወጥቶ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ፤ ሁለቱም ሞቱ። የመሪውን ዘይት የሚያስተላልፈው ቱቦ እያፈሰሰ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል አምራቹ ከአንድ ወር ገደማ በፊት አስታውቆ መኪኖቹን ለጥገና ጠርቶ ነበር። አከራዩ ድርጅት ማስታወቂያው ደርሶት ሳለ ጥገናው ሳይደረግ መኪናውን ለእኅትማማቾቹ አከራየ። በወቅቱ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ወላጆቻቸው ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ ድርጅቱ ኃላፊነቱን አመነ፤ በ2010 ዓ.ም. ዳኞች የ15 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ።

እናታቸው ካሊ ሃውክ ግን በካሳው አልተወሰነችም። ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሰች፣ ሴናተር ቻርልስ ሹመርና ሴናተር ባርባራ ቦክሰርን የመሳሰሉ ደጋፊዎች እያገኘች፣ በልጆቿ ስም የተጠራውን ሕግ እስከ ፍጻሜው ተከተለችው። በመጀመሪያ ሲቃወሙ የነበሩት ታላላቅ አከራዮች በ2012 ዓ.ም. ደጋፊዎች ሆኑ። ሕጉ የትራንስፖርት በጀትን የሚመለከተው የ«ፋስት» ሕግ አካል ሆኖ ዲሴምበር 4 ቀን 2015 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተፈረመ፤ ከጁን 1 ቀን 2016 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ከአደጋው እስከ ፊርማው ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላሉት የሕግ አውጪዎች ባልደረቦች ይህን የምጠቅሰው እኛም ያን ያህል እንድንጠብቅ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል? አንድ አከራይ የጥሪ ማስታወቂያ ከደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ጥሪው በእጁ ያሉ ከ5,000 የሚበልጡ መኪኖችን የሚመለከት ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ መኪናውን ከኪራይ ማውጣት አለበት፤ ጥገናው እስኪፈጸምም አያከራየውም። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የሕጉን ትርጓሜ ክፍል በጥሞና አንብቡ። ሕጉ የሚመለከተው 35 እና ከዚያ በላይ የኪራይ መኪና ያለውን ድርጅት ነው። መኪናው ከ10,000 ፓውንድ ያልበለጠ፣ ያለ ሹፌር የሚከራይ፣ የመጀመሪያው የኪራይ ዘመኑም ከአራት ወር ያነሰ መሆን አለበት። ሠላሳ አራት መኪና ያለው አከራይ ከሕጉ ውጭ ነው። በስልክ መተግበሪያ አማካይነት አምስት ወይም ዐሥር መኪና የሚያከራይ ግለሰብ ከሕጉ ውጭ ነው። እነዚህን ግለሰቦች ከተከራይ ጋር የሚያገናኙት መድረኮችም ራሳቸውን «አገናኝ» እንጂ «አከራይ» ብለው አይጠሩም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ይህን ለመድፈን ያልተፈጸመ ጥሪ ያለበት መኪና በእነዚህ መድረኮች እንዳይቀርብ ደንግገዋል። መልካም አድርገዋል። እነርሱም ቢሆኑ ግን የሚናገሩት ስለ አምራች ጥሪ ነው፤ ስለ መበላሸትና ስለ ማርጀት አይደለም።

ጎማ ደግሞ ከሌላው የመኪና ክፍል የሚለየው በዚህ ነው። ከፋብሪካው ፍጹም ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የሚገድለው አያያዙ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በየዙሩ ጎኑ እየታጠፈ ይዘረጋል። መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ በላስቲኩ ውስጥ የተነጠፉትን የብረት ሽቦዎች ከላስቲኩ ጋር ያጣበቀውን ኃይል ያዳክማል። በበጋ ሙቀት፣ በፈጣን ጎዳና፣ ሙሉ ጭነት ተጭኖ ሲነዳ በመጨረሻ ጥርስ ያለው የላይኛው ንጣፍ ተገንጥሎ ይወጣል። ጎማው የሚፈነዳው በድንገት ይምሰል እንጂ የሚዘጋጀው ለሳምንታት ነው። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ ላስቲክ ባይነዳም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ ጊዜ ቆሞ የከረመ መኪና ጥርሱ አዲስ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ያለቀ ጎማ ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ጎማ በስድስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በፌዴራል ደረጃ የጎማ የዕድሜ ጣሪያ የለም።

«ዘመናዊ መኪና ራሱ ያስጠነቅቅ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደጋግሞ ይቀርብልኛል። መልሱ «በከፊል» ነው። ከሴፕቴምበር 2007 ወዲህ የተሠሩ ቀላል መኪኖች የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ መብራቱ እንዲበራ የሚጠበቀው ንፋሱ አምራቹ ካዘዘው በ25 ከመቶ ሲያንስ ነው። 36 መሆን ያለበት ጎማ 27 እስኪደርስ ድረስ መብራቱ ላይበራ ይችላል ማለት ነው። ጥርሱ ማለቁን መብራቱ አያውቅም። ጎማው የዐሥር ዓመት መሆኑንም አያውቅም። በኪራይ መኪና ላይ ደግሞ መብራቱ ቀድሞውንም በርቶ ይቆያል፤ ተከራዩ «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» ተብሎ ቁልፉን ይቀበላል።

ይህ መቆጣጠሪያ በሕግ የተደነገገው በነጻ እንዳልሆነም ላስታውስ። ኦገስት 9 ቀን 2000 ፋየርስቶን ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ለመተካት ጠራ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የነበሩ ናቸው። ንጣፋቸው እየተገነጠለ በደረሱ አደጋዎች በአሜሪካ ብቻ 271 ሰዎች መሞታቸውን የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መዝግቧል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ታሪክ ሌላ ትርጉም አለው። በሳዑዲ ዐረቢያና በአካባቢው ሙቀት ጎማዎቹ ችግር ማሳየት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነበር፤ ፎርድም በ1999 ዓ.ም. በዚያ ጎማዎችን መቀየር ጀምሮ ሳለ ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ አላስታወቀም። በኖቬምበር 2000 የጸናው ሕግ አምራቾች በውጭ አገር የሚያደርጉትን ጥሪ ጭምር እንዲያሳውቁ ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። የሪያድ ሙቀት ለዋሽንግተን ሕግ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ዛሬ በተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ለመንዳት ብቁ ባልሆነ ጎማ የተገኘ ሰው 500 ዲርሃም ይቀጣል፤ መኪናውም ለ7 ቀን ይያዛል። ቅጣቱ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም በዚያም የመጀመሪያው ተጠያቂ በመንገድ ላይ የተገኘው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በታክሲና በስልክ መተግበሪያ ሰው በማመላለስ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አዲስ የመጣው፣ የብድር ታሪክ የሌለው፣ ወይም የያዘው መኪና ለመተግበሪያው ያረጀበት፣ በሳምንት ሒሳብ መኪና ተከራይቶ ይሠራል። አከራዩ ስድስት ወይም ስምንት መኪና ያለው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም የራሳችን ወገን ነው። ይህን በግልጽ እናገራለሁ፤ ጉዳዩን «እኛና እነርሱ» አድርገን ብናቀርበው እውነቱን እንስታለን።

ባለፈው ዓመት ወደ እኛ የመጣ አንድ አሽከርካሪ ስሙ እንዳይጠቀስ አሳስቦ ጉዳዩን እንድናገር ፈቅዶልኛል። መኪናውን ሲረከብ የኋላ ጎማዎቹ መላጣ መሆናቸውን አይቶ ለአከራዩ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ጎማዎች አልቀዋል» አለው። አከራዩም፣ «አይ ልጄ፣ ገና ናቸው፤ ክረምቱን ያወጣሉ» ብሎ አሰናበተው። ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ የሳምንቱን ኪራይ አስቀድሞ ከፍሏል። በሦስተኛው ሳምንት ፖሊስ አስቁሞ በጎማው ምክንያት ቅጣት ጻፈ፤ ቅጣቱ የተጻፈው በአሽከርካሪው ስም ነው። አከራዩ «እቀይራለሁ» አለ፤ አልቀየረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በ495 ቀለበት መንገድ ላይ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ሳለ፣ የግራው የኋላ ጎማ ንጣፉን ጣለ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ መኪናው ከመንገዱ ዳር አጥር ጋር ተላተመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እንድትሰሙልኝ የምፈልገው። የጎማውና የተጎዳው አካል ዋጋ ከተከራዩ መያዣ ገንዘብ ላይ ተቆረጠ። ለጉዳት መከላከያ በየሳምንቱ ይከፍል የነበረው ተጨማሪ ገንዘብ ውሉ ሲነበብ ጎማንና ቸርኬን አይጨምርም። በብዙ የኪራይ ውሎች ውስጥ ጎማ እንዲህ በአንዲት መስመር ተነጥሎ ይወጣል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ዋስትና ነው።

አሽከርካሪው ብልኅ ስለነበር የፈነዳውን ጎማ ፎቶ አንሥቶ ነበር። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች 1413 ይላሉ። ይህም በ2013 ዓ.ም. በ14ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ነበር። ታዲያ መቼ ተገዛ? ከየት ተገዛ? አዲስ ነበር ወይስ ያገለገለ? ማን አየው? አንድም ወረቀት አልተገኘም። አከራዩ ውሸት አልተናገረም፤ በእርግጥም ምንም ወረቀት አልነበረውም። እንዲኖረው የሚያስገድደውም የለም።

የመዝገቡ ጉዳይ ለምን ወሳኝ እንደሆነ የሚገለጠው ሌላ ሕግ ሲነበብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ኮንግረስ ያጸደቀው፣ ባቀረቡት የሚዙሪ ተወካይ ስም «የግሬቭስ ማሻሻያ» ተብሎ የሚታወቀው ድንጋጌ፣ የኪራይ መኪና ባለቤት በባለቤትነቱ ብቻ ተከራዩ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዳይሆን አደረገ። ቀደም ሲል እንደ ኒው ዮርክ ባሉ ክፍለ ግዛቶች ባለቤቱም አብሮ ይጠየቅ ነበር። ማሻሻያው አንድ በር ብቻ ክፍት ተወ፦ የባለቤቱ የራሱ ቸልተኝነት ወይም ወንጀል ሲረጋገጥ። በጽንሰ ሐሳብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ያላጠፋ ለምን ይጠየቃል? ነገር ግን ቸልተኝነትን የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? መዝገብ ነው። መዝገብ የመያዝ ግዴታ በሌለበት ቦታ ጥንቃቄ ያደረገው አከራይ ማስረጃ አለው፤ ያላደረገው ምንም የለውም፤ «ምንም» ደግሞ በፍርድ ቤት ፊት ቸልተኛውን ይጠቅመዋል። ከዚህ የባሰ የተዛባ ማበረታቻ ማሰብ ይከብደኛል፤ የማይጽፈው ይድናል፣ የሚጽፈው ይጠየቃል።

ይህ ለመኪና ዓለም እንግዳ የሆነ ጥያቄ ነው እንዳይባል የከባድ መኪኖችን ሕግ ተመልከቱ። በፌዴራል ደንብ መሠረት የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ድርጅት የምርመራ፣ የጥገናና የጥበቃ መዝገብ እንዲይዝ ይገደዳል። የፊት ጎማዎች ጥርስ ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 ኢንች ማነስ የለበትም። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ስለ ሣጥንና ስለ ድንች ጭነት የሚጠየቀውን፣ ሰባት ሰው የሚጭን የኪራይ መኪና ባለቤት አይጠየቅም።

በተለይ ስለ ትልልቅ ቫኖች ጥቂት ልናገር፤ ይህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን፣ እድሮቻችንንና የስፖርት ቡድኖቻችንን በቀጥታ ይነካልና። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ለሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል፣ ከዚያም ለንግሥ፣ ለሠርግና ለልቅሶ፣ አሥራ አምስት ሰው የሚይዝ ቫን ተከራይተን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንጓዛለን። ሁሉም ሰው ይሞላል፤ ሻንጣው ከኋላ ይቆለላል፤ ሹፌሩ ከወጣቶቹ አንዱ ነው፤ ጉዞው ሌሊት ተጀምሮ በቀትር ሙቀት ይቀጥላል። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ዐሥር ወይም ከዚያ በላይ ሰው የጫነ የዚህ ዓይነት ቫን የመገልበጥ ዕድሉ ጥቂት ሰው ከጫነው ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አስታውቋል። ጎማ ሲፈነዳ ተራ መኪና ሊንሸራተት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቫን ግን ይገለበጣል። መሥሪያ ቤቱ ከየጉዞው በፊት የጎማው ንፋስና ጥርስ እንዲታይ፣ ዓመታት ያስቆጠረ ስኮርታም ያለቀ ጎማ መተኪያ እንዳይሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ10,000 ፓውንድ ወሰንም አንዳንድ ትላልቅ ቫኖችን ከነጭራሹ ከሃውክ ሕግ ውጭ ያደርጋቸዋል። ብዙ ሰው የሚጭነው መኪና ከጥበቃው ውጭ መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሕጉ ዋና ጉድለት ነው።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደፈታው ለማየት ወደ ብሪታንያ እንሻገር። በሴፕቴምበር 2012 ከሙዚቃ በዓል ተመላሾችን የጫነ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጎማው ከ19 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ጥርሱ በሕግ ከሚፈቀደው በታች ስላልሆነ የሚከለክለው አልነበረም። ከሟቾቹ የአንዱ እናት ፍራንሲስ ሞሎይ ለዓመታት ከታገለች በኋላ፣ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በጭነት መኪኖችና በአውቶቡሶች የፊት አክስል ላይ፣ በሚኒባሶችም በነጠላ በሚታሰሩት ጎማዎች ሁሉ ላይ እንዳይውል ተከለከለ። የተሠራበት ቀን በግልጽ የሚነበብ መሆኑም ግዴታ ሆነ። በለንደንና በሊድስ የምትኖሩ ወገኖች ሚኒባስ ስትከራዩ ይህ መብት አላችሁ። ተራ የኪራይ መኪና ግን በዚያም የዕድሜ ጣሪያ የለውም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት መዝገብ። የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲ ሕግ አውጪዎች ማንኛውም መኪና በክፍያ የሚያከራይ ሰው፣ መኪናው አንድም ይሁን አንድ ሺህ፣ ርክክብ በተደረገ ቁጥር፣ ኪራዩ የሚቀጥል ከሆነም ቢያንስ በየ30 ቀኑ፣ የአራቱን ጎማዎችና የስኮርታውን ጥርስ፣ ንፋስና የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት መዝግቦ ቅጂውን ለተከራዩ እንዲሰጥ ይደንግጉ። መዝገቡ ከሌለ አከራዩ ቸልተኛ እንደሆነ ይገመት፤ ጥንቃቄ ማድረጉን በሌላ ማስረጃ የማስረዳት ዕድል ግን ይኑረው። ይህ የግሬቭስ ማሻሻያ ራሱ ክፍት በተወው በር የሚገባ ሐሳብ ነው፤ ባለቤቱን ስለ ተከራዩ ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሱ ቸልተኝነት ነው የሚጠይቀው። ከዚሁ ጋር በጎማው ሁኔታ ምክንያት የሚጻፍ ቅጣት መኪናው በኪራይ ላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ወደ ባለቤቱ ይተላለፍ።

ከራሳችን መካከል «አከራዩ ይታሰር» የሚሉ አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ሐሳባቸውን ግን አልደግፍም። ስድስት መኪና ያለውን ሰው በወንጀል ብናስፈራራ መኪናዎቹን ወደ ጓዳ ኪራይ፣ ወደ ቃል ውል ያሸሻቸዋል፤ ያን ጊዜ ተከራዩ ምንም ወረቀት አይኖረውም። «ለትንሽ ነጋዴ ከባድ ወጪ ነው» የሚለው ተቃውሞም ብዙ አያሳምነኝም። የጥርስ መለኪያ በጥቂት ዶላር ይገዛል። እሱም ባይኖር የአንድ ሳንቲም ሥራ ነው፤ አንድ ሳንቲም ገልብጣችሁ በጥርሱ መካከል ስታስገቡት የሊንከን ራስ ጫፍ ከታየ ጎማው ከ2/32 ኢንች በታች ነው። አራት ጎማ መለካትና መጻፍ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ውድ የሚሆነው ጎማውን መቀየር ነው፤ እሱ ደግሞ የንግዱ ወጪ ነው እንጂ የደንቡ ወጪ አይደለም።

የአካባቢያችን ምርመራ ሥርዓት ይህን ይሸፍነዋል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ቨርጂኒያ ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ አላት፤ ነገር ግን ቀን ከሌሊት የሚሠራ መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ጎማ ሊጨርስ ይችላል። ሜሪላንድ በዋናነት የምትመረምረው ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲለውጥ ነው። ዲሲ ለግል መኪኖች የምታደርገውን የደኅንነት ምርመራ በ2009 ዓ.ም. አቁማለች። ከዲሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዚያም ወደ አሌክሳንድሪያ የሚሄድ አንድ የኪራይ መኪና በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ሕጎችን ያቋርጣል፤ ጎማው ግን ያው ነው።

ከፌዴራል ምክር ቤት የምንፈልገው ከዚህ ያጠረ ነው። የ35 መኪና ወሰን ይውረድ፤ የክብደት ወሰኑም ሰው የሚጭኑ ቫኖችን እንዲያካትት ይሻሻል። ሌላም አለ። አንድ ሰው የመኪናውን መለያ ቁጥር በመንግሥት ድረ ገጽ አስገብቶ ያልተፈጸመ ጥሪ መኖሩን ማየት ይችላል። ኋላ ተገዝቶ የታሰረ ጎማ ግን በመኪናው ቁጥር አይገኝም፤ የሚፈለገው በራሱ በጎማው ቁጥር ነው። ስለዚህ ተከራዩ «ጥሪ የለም» የሚል መልስ አግኝቶ የተጠራ ጎማ ሊነዳ ይችላል። ባለቤቱም የተጠራ ጎማ በነጻ እንዲቀየርለት በ180 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ያገለገለ ጎማ የገዛ ሰው ደግሞ ስሙ በአምራቹ መዝገብ ስለሌለ ማስታወቂያው አይደርሰውም። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው የጎማ ደኅንነት ሪፖርት ይህን የምዝገባና የጥሪ ሥርዓት ድክመት አንሥቷል። ሪፖርቱ በእጃችሁ ያለ ሰነድ ነው፤ አዲስ ጥናት እስኪታዘዝ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ሕጉ የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ አከራዮችን አይደለም፤ ነገር ግን የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ የተከራይን መብት የሚገልጽ የአንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ እንዲያወጣ መጠየቅ የማንንም አዲስ ፈቃድ አይሻም። ጽሑፉ የጎማውን ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ቢያሳይ፣ ከመረከብ በፊት ፎቶ ማንሣትን ቢመክር፣ ያለቀ ጎማ ያለውን መኪና ያለ ቅጣት የመመለስ መብት ሲደነገግም ያን ቢጨምር ይበቃል።

የአናፖሊስና የሪችመንድ ምክር ቤቶች ጉባኤያቸውን የሚከፍቱት በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ነው። ረቂቅ የሚያቀርቡ አባላትን ማግኘት ያለብን ከዚያ አስቀድሞ፣ በመከር ወራት ነው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ የምስክርነት ቅጽ ታገኛላችሁ። አሽከርካሪዎች የጎማውን ቁጥር፣ ፎቶውንና የኪራይ ውሉን ቅጂ ካያያዙልን ስማቸውን መግለጥ አይጠበቅባቸውም። የምክር ቤት ባልደረቦችም ምስክሮች በአማርኛ ሲናገሩ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ ከወዲሁ ብታስይዙልን እናመሰግናለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።